የአሮን ጥናና የኅዳር ጢስ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከእንጦጦ ራስ ወይም ከመናገሻ ተራራ ትከሻ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በመካከላቸውም ባለችው በአዲስ አበባ ላይ ጢስ እንደ ጉም ተኝቶ ያያል። ባለቤቱ ሁሉ ደጁን ጠርጎ፣ የሰነበተውን ጥራጊ ሰብስቦ እሳት ይለኵስበታልና። ሕዝቡም ይህን ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» እያለ ይጠራዋል። በዚያው ማለዳ በየደብሩ ደወል ይደወላል፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ባለበትም ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ይሆናል። በዓሉ ቅዱስ ሚካኤል በመላእክት ላይ አለቃ ሆኖ የተሾመበትና እስራኤልን በምድረ በዳ የመራበት መታሰቢያ ነው።

እንግዲህ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ተገናኝቷል። በቅጽሩ ውስጥ የምድረ በዳው ታሪክ ይታሰባል፤ ከቅጽሩ ውጭ ጢስ ይጤሳል። ከበዓሉ የሚመለሰው ምእመን በጢሱ መካከል አልፎ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ፣ የሰማው ታሪክና የሚያየው ጢስ ዝምድና እንዳላቸው ብዙ ጊዜ አያስበውም። ዳሩ ግን ኦሪት ዘኍልቍን የተማረ ሰው ይህን ጢስ ሲያይ ሌላ ጢስ ትዝ ሊለው ይገባል። በምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው፣ በሕዝቡ ላይ መቅሠፍት በወረደ ጊዜ ካህኑ አሮን ጥናውን ይዞ ወደ ሰፈሩ መካከል ሮጧል፤ ሬሳው በወደቀበትና ሕያዋኑ በቀሩበት ወሰን ላይ ሲቆምም መቅሠፍቱ ከዚያ አላለፈም። የምድረ በዳው ምልጃ ለክርስቲያን ያለው ትርጉም ከዚህ ቦታ ይልቅ የሚገለጥበት ስፍራ ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩ እንዴት እንደሚነበብ፣ ልማዱም ከታሪኩ ምን እንደ ያዘና ምን እንደ ጣለ መመርመር የተገባ ነው።

የኅዳሩ ጢስ መነሻ የታወቀ ነው። በ1911 ዓ.ም. ያን ጊዜ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። በመላው ዓለም ያለቀው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል፤ በአዲስ አበባም የሞተው ወደ 10,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በዚያው በሽታ ታመው ተርፈዋል። ሐኪሙ ጥቂት፣ መድኃኒቱም የማይታወቅ ነበር። ቤተ ሰብ በሙሉ በአንድ ቤት ተኝቶ ውኃ የሚያቀብለው ያጣበት፣ ለሬሳውም ቀባሪ የጠፋበት ጊዜ ነበር። መከራው እጅግ የበረታው በኅዳር ወር ስለ ሆነ የወሩ ስም የበሽታው ስም ሆኖ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አየሩ ይጸዳ ዘንድ ጥራጊው ተቃጠለ፤ የዚያም መታሰቢያ በሚካኤል ቀን ተተክሎ ከመቶ ዓመት በላይ እነሆ ይጤሳል።

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን አስቀድሞ የሚያስተምረው ሰሙን ከወርቁ መለየት ነው። ሰሙን የናቀ ወርቁን የሚያፈስበት ቅርጽ ያጣል፤ በሰሙ ላይ የቀረ ደግሞ ወርቁን ሳያይ ይሄዳል። ከዚህ የረቀቀው ውስጠ ወይራ የሚባለው መንገድ ነው። የወይራ ግንድ ከላይ ሲያዩት አንድ ነው፤ ሲሰነጥቁት ግን ልቡ ሌላ መልክ አለው። ይህን ለመናገሻ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ በተራራው ዱር ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ዛሬም ቆሟልና። ዱሩን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። እኒሁ ንጉሥ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን፣ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ያቆሙ ናቸው። ስለዚህ መናገሻ ስለ ምልጃ ነገር ለመናገር እንግዳ ስፍራ አይደለችም። የኦሪቱም ታሪክ እንደዚሁ ወይራ ተሰንጥቆ ሊታይ ይገባዋል።

ስለ ምድረ በዳው ምልጃ የሚሰብክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙሴን ይከተላል፤ ቅኔውም ወደ እርሱ ያዘነብላል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በተራራ ላይ 40 ቀንና 40 ሌሊት የጾመው፣ በራፊድ ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጁን የዘረጋው፣ ስለ ሕዝቡ ስሙ ከመጽሐፍ ይደመሰስ ዘንድ የለመነው እርሱ ነው። ነገር ግን ሙሴን ብቻ የተከተለ አንባቢ አሮንን ይረሳል። አሮንን የረሳም ምልጃ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ሳያይ ይቀራል። ሙሴ ከመጀመሪያው ጀምሮ አማላጅ ነው፤ አሮን ግን አስቀድሞ የተማለደለት፣ ኋላም የማለደ ሰው ነው። ታሪኩም ይህን በሦስት ስፍራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

የመጀመሪያው ስፍራ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 32 ያለው የጥጃው ነገር ነው። ሙሴ በተራራው ላይ በዘገየ ጊዜ ሕዝቡ አሮንን አስጨነቁት፤ እርሱም የጆሮ ጌጣቸውን ተቀብሎ ጥጃ አደረገላቸው። ወንድሙ ወርዶ በጠየቀው ጊዜ የሰጠው መልስ ሊታለፍ የማይገባ ነው። በመጀመሪያ ሕዝቡን ከሰሰ፤ ቀጥሎም ወርቁን ወደ እሳት እንደ ጣለውና ጥጃው ከእሳቱ እንደ ወጣ ተናገረ። መጽሐፉ ጥቂት ቀደም ብሎ በመሣሪያ እንደ ቀረጸው ነግሮናል። እንግዲህ አሮን የእጁን ሥራ በእሳት አሳበበ። ጸሓፊው አይዘልፈውም፤ ቃሉን ብቻ አስቀምጦ ያልፋል፤ አንባቢው ግን ያፍርለታል።

በዚያው ምዕራፍ የሙሴን ልመና የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ያገኛል። ሙሴ ስለ ሕዝቡ ሲከራከር የሕዝቡን በጎነት በአንድ ቃል እንኳ አላነሣም። ያቀረበው ምክንያት ሦስት ነው፤ ሕዝቡ እግዚአብሔር ራሱ ከግብፅ ያወጣው መሆኑን፣ ግብፃውያን የሚሉትን፣ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የተማለውን ኪዳን። ምልጃው የቆመው በእግዚአብሔር ቸርነትና በቃል ኪዳኑ ላይ ነው። ያው ሙሴ ከተራራው በወረደ ጊዜ ግን ጽላቱን ሰበረ፤ ጥጃውንም ፈጭቶ በውኃ በትኖ አጠጣቸው። በእግዚአብሔር ፊት ስለ ሕዝቡ የለመነ ሰው በሕዝቡ ፊት ጥፋቱን አልሸፋፈነም። በዚያ ተራራ ሥር ስለ አሮን የተደረገውን ደግሞ የዘፀአት መጽሐፍ ዝም ብሎ ሲያልፈው ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 9 ይገልጠዋል። እግዚአብሔር በአሮንም ላይ ሊያጠፋው እስኪደርስ ተቈጥቶ ነበርና ሙሴ በዚያን ጊዜ ስለ እርሱም ለይቶ ጸልዮአል። አሮን በሕይወት የቀረው ተማልዶለት ነው።

ሁለተኛው ስፍራ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ነው፤ ነገሩም ለኢትዮጵያ ሰው ቅርብ ነው። አሮንና እኅቱ ማርያም ሙሴን ያሙት ኢትዮጵያዊት ሴት አግብቷል ብለው ነበርና። ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ አሮን ወደ ሙሴ ዞሮ ለመነ። በዚህ ጊዜ የተናገረውን ከጥጃው ጊዜ መልሱ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀድሞ ጥፋቱ የሕዝቡና የእሳቱ ነበር፤ አሁን ግን እኅቱ ብቻ ተመታ ሳለች እርሱ ራሱን ከእርሷ ጋር ቈጥሮ በስንፍናችን በደልን አለ። እርሱ አልነጻ ቢሉ ለምጹ በእርሱ ላይ አልወጣም ነበር፤ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ሙሴም ያሙትን እንዲያው አላሳለፋቸውም፤ እጅግ አጭር በሆነች ጸሎት ወደ እግዚአብሔር ጮኸላት። ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተለይታ ተቀመጠች። ሕዝቡም እርሷ እስክትመለስ ድረስ ከዚያ ስፍራ አልተጓዘም። ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባቢ ቶሎ እንዳያልፈው ይሁን፤ አንዲት ሕመምተኛ እስክትድን ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ጠብቋል።

ወደ ሦስተኛው ስፍራ ከመድረስ አስቀድሞ ምዕራፍ 14 በመካከል ይገባል። ምድሪቱን ሊሰልሉ ከሄዱት 12 ሰዎች ዐሥሩ ክፉ ወሬ አምጥተው ሕዝቡ በአመፀ ጊዜ፣ ሙሴ ማለደ፤ ይቅርታውም ተሰጠ። ነገር ግን ይቅርታው ከተነገረበት አፍ ቅጣቱ ተከትሎ ወጣ፤ ስለላው በቈየበት በ40 ቀን ልክ 40 ዓመት እንዲንከራተቱ፣ ያ ትውልድም ከካሌብና ከኢያሱ በቀር ወደ ምድሪቱ እንዳይገባ ተፈረደ። ምልጃው ሕዝቡን ከጥፋት አዳነ፤ የሥራቸውን ፍሬ ግን ከመብላት አላዳናቸውም። ልጆቻቸው ገቡ፤ እነርሱ በመንገድ ቀሩ።

ሦስተኛው የጥናው ስፍራ ነው። ቆሬ፣ ዳታንና አቤሮን በሙሴና በአሮን ላይ ተነሡ፤ 250 አለቆችም እያንዳንዳቸው ጥና ይዘው ዕጣን ሊያጥኑ ቆሙ። ከእግዚአብሔር ዘንድ እሳት ወጥታ 250ውን በላቻቸው። ጥናዎቻቸውም በአልዓዛር እጅ ተሰብስበው፣ ተቀጥቅጠው ለመሠዊያው መለበጫ ሆኑ። በማግሥቱ ሕዝቡ ሁሉ የእግዚአብሔርን ሕዝብ የገደላችሁ እናንተ ናችሁ ብሎ በሙሴና በአሮን ላይ አንጐራጐረ፤ መቅሠፍቱም ያን ጊዜ ጀመረ። ሙሴ አሮንን ፈጥኖ እንዲሄድ አዘዘው፤ አሮንም ሮጠ። የሞተው ሰው በቆሬ ነገር ከሞቱት ሌላ 14,700 ነበር።

እዚህ ላይ የጸሓፊው ጥበብ ይታያል። ጥናው አንድ ዓይነት ነው፤ እሳቱም እሳት፣ ዕጣኑም ዕጣን ነው። በትናንትናው ቀን በ250 ሰዎች እጅ የሞት ምክንያት ሆነ፤ በዛሬው ቀን በአንድ ሰው እጅ የሕይወት ምክንያት ሆነ። በጢሱ ውስጥ የተሰወረ ኀይል ቢኖር ኖሮ 250ው ጥና ከአንዱ ጥና ይበልጥ በሆነ ነበር። ልዩነቱ በተላከውና ራሱን በላከው መካከል ነው። አንድም ልዩነቱ በአያያዙ ነው፤ እነዚያ ጥናውን ያነሡት ክብር ሊወስዱ ነው፤ አሮን ያነሣው ግን ትናንት ክብሩን ሊቀሙት የነበሩትን፣ ዛሬም ነፍሰ ገዳይ ያሉትን ሰዎች ከሞት ሊያስጥል ነው። አንድም ቀድሞ ጥፋቱን በእሳት ያሳበበ ሰው አሁን እሳቱን በእጁ ይዞ ወደ ሬሳው መካከል ገባ። ካህን በድን እንዳይነካ የታዘዘ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ሊቀ ካህናቱ በሬሳ ወሰን ላይ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስቱን ስፍራ አንድ ላይ የሚያነብ ሰው የታሪኩን ወርቅ ያገኛል። በተራራው ሥር ለአሮን ተማለደለት፤ በሐጼሮት ራሱን ከበደለኛይቱ ጋር ቈጥሮ ለመነ፤ በመቅሠፍቱ ቀን ስለ በደሉት ሰዎች ሮጠ። የምልጃ ፍጻሜው የተማለደለትን ሰው አማላጅ ማድረግ ነው። ይቅርታ ተቀብሎ በይቅርታው ላይ የተኛ ሰው የምልጃውን እኩሌታ ብቻ ተቀብሏል።

የአማርኛው ቃል በዚህ ነገር መሰናክል ሆኖብናል። በከተማ ሰው አፍ «አማላጅ» ማለት ጥፋተኛው ሳይካስ፣ ተበዳዩም ሳይታረቅ ነገሩን በዘመድ ወይም በእጅ መንሻ የሚያስቀር ሰው ሆኗል። በአደባባይም በቢሮም ጕዳይ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕጉን ሳይሆን የሚያውቀውን ሰው ነው። ይህን ልማድ ይዞ ኦሪትን የሚያነብ ሰው ሙሴን እንደ ባለሟል፣ እግዚአብሔርንም ፊት አይቶ እንደሚያዳላ ዳኛ ያስበዋል። ጽሑፉ ግን ይህን አይፈቅድለትም። ሙሴ ጥጃውን ፈጭቷል፤ ማርያም ሰባት ቀን ተለይታለች፤ ያ ትውልድ በምድረ በዳ ቀርቷል። ቃሉን ለሚያውቅ ግን በዚያው በአማርኛው ውስጥ ኅብር አለ፤ «ማለደ» ማለት ስለ ሌላው ለመነ ማለት ነው፤ በማለዳ ተነሣ ማለትም ነው። የኦሪቱ አማላጅ በሁለቱም ፍች የማለደ ነው። ሙሴ ከጥጃው በኋላ በማግሥቱ ወደ ተራራው ለመውጣት ተነሥቷል፤ አሮንም መቅሠፍቱ ሰፈሩን ሳይጨርስ ደርሷል።

የበዓሉ ባለቤት ስለ ሆነው መልአክም እንዲሁ ሊባል ይገባል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 እግዚአብሔር በመንገድ የሚጠብቃቸውን፣ ወዳዘጋጀላቸውም ስፍራ የሚያገባቸውን መልአክ በፊታቸው እንደሚልክ ተስፋ ሰጥቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ይህን መልአክ ቅዱስ ሚካኤል ይለዋል። ምእመኑ ይህን ተስፋ ያውቀዋል፤ በስዕሉም በመልክአውም ያየዋል። ተስፋው ግን ብቻውን አልተነገረም። ከእርሱ ጋር ለመልአኩ እንዲታዘዙና እንዳያስመርሩት፣ የእግዚአብሔር ስም በእርሱ ላይ ስለ ሆነ መተላለፋቸውን በቸልታ እንደማያልፈው የሚናገር ማስጠንቀቂያ አለ። ጠባቂነቱን ተቀብሎ ማስጠንቀቂያውን የሚተው ሰው ግማሽ ገጽ ቀድዶ እንደሚያነብ ነው። ዘካሪው በየወሩ በ12 ጽዋውን ሲያነሣ መሪውን ማሰቡ መልካም ነው፤ መሪ ያለው ሰው ግን መከተልም አለበት።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሰናከላሉ። አንዱ፣ እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ የሰው ልመና ምን ይጨምራል ይላል። ለዚህ ጽሑፉ ራሱ ይመልስለታል። በጥጃው ጊዜ እግዚአብሔር ሙሴን እንዲተወው ነገረው፤ ሊያጠፋ የቈረጠ ጌታ የባሪያውን ፈቃድ ምን ያስጠይቀዋል? ቃሉ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ነው፤ ሙሴም ገባበት። እግዚአብሔር ሰው ስለ ወንድሙ በፊቱ ይቆም ዘንድ ይወዳል ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ደግሞ አማላጅ ካለ የራሴ ሥራ ምን ያስፈልጋል ይላል። ለእርሱ የማርያም ሰባት ቀንና የዚያ ትውልድ 40 ዓመት በቂ መልስ ነው።

ለክርስቲያን ግን ነገሩ ከዚህም ያልፋል። ሙሴ ስለ ሕዝቡ ስሙ እንዲደመሰስ ለምኖ ነበር፤ ልመናው በዚህ በኩል አልተፈጸመለትም፤ የበደለው እንደ በደሉ እንደሚደመሰስ ተነገረው። ሰው ስለ ሰው ይህን ያህል ሊመኝ ይችላል፤ ሊፈጽመው ግን አይቻለውም። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 9 ስለ ወገኖቹ ተመሳሳይ ምኞት ተመኝቷል። ሙሴ የተመኘውን የፈጸመው ስለ እኛ እንደ ርጉም በዕንጨት ላይ የተሰቀለው ክርስቶስ ነው። በሞትና በሕይወት ወሰን ላይ የቆመ፣ ወደ ሙታንም ገብቶ የወጣ እርሱ ብቻ ነው። የቅዱሳን ልመና ሁሉ በዚህ ዕርቅ ላይ የተመሠረተ ነው እንጂ ከእርሱ የተለየ ሌላ ዕርቅ አይደለም። የእሑዱ ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን በወርቅ ማዕጠንት መመሰሉ ለዚህ ነው፤ መምህራኑም በማዕጠንቱ ውስጥ ያለው ፍሕም ክርስቶስ መሆኑን ያስተምራሉ። ማዕጠንቷ ከፍሕሟ ተለይታ አትታይም። ካህኑም በቅዳሴ ጊዜ ጥናውን ይዞ ከመቅደስ ወደ ሕዝቡ መካከል ሲወጣ የአሮንን ሩጫ በእርጋታ ይደግመዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ኅዳሩ ጢስ መመለስ ይቻላል። የ1911 ዓ.ም. ሰዎች ያደረጉት ሁለት ነገር ነው። ጥራጊውን አቃጠሉ፤ ይህ ሰሙ ነው። ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ የታመመውን ጐረቤት ደጅ ከፍተው ገቡ፤ ውኃ አቀበሉ፤ ሬሳ ተሸከሙ፤ ጕድጓድ ቈፈሩ። ይህ ወርቁ ነው። ከዚያ ወር በሕይወት ከወጡት ብዙዎቹ የወጡት ሌላ ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ስለ ቆመላቸው ነው። ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ዐፅማቸውም ካስታመሟቸው ጋር አብሮ ያረፈ አለ። የዛሬው ከተሜ የእነዚያ የተረፉት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ልማዱ ግን ጢሱን አቈይቶ ሩጫውን ረሳ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ይህ ነገር እንደ ገና ተፈተነ። ካህናት ጥናቸውን ይዘው በአዲስ አበባ ጐዳናዎች ሲያጥኑ ታዩ፤ ብዙ ሰውም አለቀሰ። በዚያ ወራት ደግሞ ሰው ከሰው እንዲርቅ ታዘዘ፤ ምእመኑም ከቅጽር ውጭ ቆሞ ለመጸለይ ተገደደ። ርቀቱ ራሱ ስለ ሌላው ሲባል በተጠበቀበት ቦታ ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ የተቀመጠችበትን፣ ሕዝቡም የጠበቃትን ሥርዓት ይመስል ነበር። ርቀቱን ምክንያት አድርጎ የታመመውን የሸሸ፣ ከበሽታው የዳነውንም ያገለለ ሰው ግን ሰፈሩን ነቅሎ ማርያምን ትቷት የሄደ ነው። ያው ሥራ በአንዱ ፍቅር፣ በሌላው ጭካኔ ሆነ፤ እንደ ጥናው ነው።

ጢሱ ራሱም መልኩ ተለውጧል። በ1911 ዓ.ም. የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር። ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ በተካተቱት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በአዲስ አበባም የሚነደው ላስቲክና ፕላስቲክ የበዛበት ነው፤ ጢሱም ለሳንባ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። አስም ያለበት ሕፃን በኅዳር 12 ማለዳ መስኮት ዘግቶ ይውላል። በሽታን ሊያባርር የተጀመረ ጢስ በሽታን የሚያመጣ ከሆነ፣ ጥናው ከአሮን እጅ ወጥቶ ወደ 250ው እጅ ተመልሷል ማለት ነው። የመናገሻ ሰው ጢስን መምረጥ ያውቃል፤ ጋኑንና እንስራውን የሚያጥነው በወይራ ነው እንጂ ባገኘው ዕንጨት አይደለም። ለመጠጡ ዕቃ የሚጠነቀቀውን ያህል ለጐረቤቱ ሳንባ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ልማዱ ይቅር የሚል ሰው ይኖራል። መታሰቢያን ማጥፋት ግን ቀላል፣ መልሶ መትከል ከባድ ነው፤ ሕዝብ የአያቶቹን ሞት የሚያስብበት ቀን ስንት አለው? የሚሻለው ወርቁን ወደ ሰሙ መመለስ ነው። ኅዳር 12 ቀን ደጅ ይጠረግ፤ ቦዩም ይጠረግ፤ የሚቃጠለው ከማይቃጠለው ይለይ። ከበዓሉ የተመለሰው ሰው እሳት ከመለኰሱ በፊት በመንደሩ የታመመ፣ አስታማሚ ያጣ፣ ቀባሪ የሌለው ሰው እንዳለ ይጠይቅ። ካህናቱም በዚያ ቀን ስለ መልአኩ ክብር ሲሰብኩ የዘኍልቍን ምዕራፍ 16 ከምዕራፍ 12 እና ከጥጃው ነገር ጋር አያይዘው ቢያነቡት፣ ምእመኑ አሮንን ያውቀዋል። በእሳት ያሳበበው ሰው፣ የተማለደለት ሰው፣ በመጨረሻም ጥናውን ይዞ የሮጠው ሰው አንድ መሆኑን የሰማ ምእመን ስለ ራሱ ተስፋ ያገኛል።

እስራኤልን በምድረ በዳ የመራ አምላክ ለሕዝቡ በማለዳ የሚነሡ ሰዎችን አያሳጣው።